ጳጉሜን የማያውቀው ፈላጊ

መስከረም 8፣ ረፋድ

ዛሬም የለም። ኢንተርኔት ላይ «ቡርቃ ጫልቱ» ብዬ ጻፍኩ፣ ጠበቅኩ፣ የሌላ ሰው ነገር መጣ። ፀጉር ቤት። የታሸገ ውሃ። ጫልቱ የምትባል ሙሽራ። የብሎጌ ገጽ ግን የለም።

ሱሉልታ ጭጋግ ውስጥ ናት። ከፎቶ ኮፒ ቤታችን በር ላይ ሆኜ ሳይ ሜዳው ጠፍቷል፤ የፈረሶቹ ጀርባ ብቻ ከጭጋጉ በላይ ይሄዳል። አለቃዬ ወ/ሮ ብርቄ ገና አልገቡም። ደንበኛም የለም። እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል። አንቺና እኔ ብቻ፣ ማስታወሻዬ።

መስከረም 9፣ ማታ

ኦቦ ቶሎሳ አጥሩ ጋ ጠበቁኝ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ብሎጌ ላይ ስለ አካባቢው ምንጮች ስጽፍ የመጨረሻዋን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከቤታቸው በታች ያለችዋን። ሰፈሩ «የታች ውሃ» ይላታል። እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ገመቹ ግን በልጅነታቸው በእናታቸው ስም ቡርቃ ጫልቱ፣ የጫልቱ ምንጭ ብለዋታል። ከሁለቱ በቀር በዚህ ስም የጠራት የለም። ገመቹ በወጣትነቱ ለሥራ ወደ ደቡብ ወርዶ እንደወጣ ቀረ። ይኑር ይሙት አይታወቅም።

ገጹን በስልኬ ከፍቼ አሳየኋቸው። ፎቶዋን አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ስትጠሪው ይመጣል። ገመቹ ይሄን ረጅም አድራሻ ከየት ያውቀዋል? እሱ የሚያውቀው ስሟን ነው። በስሟ ሲጠራት ትምጣለት።»

ለካ ይህን ሁሉ የነገሩኝ ለዚህ ነው። እኔ ለታሪክ መስሎኝ።

መስከረም 11

ኢንተርኔቱ ላይ ያለውን መፈለጊያ «ፈላጊው» ብዬዋለሁ። ሳስበው ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ በየደጁ የሚያልፍ፣ ካልጠሩት የማይገባ ሰውዬ ነው። ሳይትማፕ ማለት ደግሞ ለእሱ የሚሰጥ ፋይል፤ ገጾቼ የት የት እንዳሉና መቼ እንደተጻፉ ይነግረዋል። እኔ በእጄ ነው የጻፍኩት። ራሴን በራሴ አስተምሬ፣ ኮርቼበት።

ፈላጊው «ፋይሉን ማግኘት አልቻልኩም» ይላል። ፈለግኩ። ለካ ከፎቶዎቹ ፎልደር ውስጥ ከትቼዋለሁ። ወደ ፊት አወጣሁት። አነበበው! ቀኑን ሙሉ ስዘፍን ዋልኩ። ወ/ሮ ብርቄ ማን አጨሽ አሉኝ።

መስከረም 13፣ ከሰዓት

አነበበው፤ ግን አልተቀበለውም። «ቀኑ ልክ አይደለም» ይላል። የቡርቃ ጫልቱ መስመር ላይ። የሌሎቹን አንብቦም አይመጣም፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ሰረዙን አየሁ። ክፍተቱን አየሁ። ደምስሼ እንደገና ጻፍኩት። ያው ነው። ቀኑን መቼም አልሳሳትም፤ ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል። ኦቦ ቶ. ከምንጯ ታጥበው ሲመለሱ፣ ዝናቡም እየዘነበባቸው ነው የነገሩኝ፤ ገጹንም ያኑ ዕለት ጻፍኩት።

አለቀስኩ። ለሳይትማፕ ያለቀሰ ሰው አለ? ብሎጉን ላጠፋው አሰብኩ። ከዚያ ዝናብ መጣና በመስኮት ሳየው ረሳሁት።

መስከረም 15

ስሚኝማ።

አንዲት ልጅ መጣች። ከወላይታ መጥታ እዚህ ፋብሪካ የምትሠራ። ኢሜይል ክፈቺልኝ አለች። የልደት ቀን ስጠይቃት ጳጉሜ 3 አለችኝ። ቀና እንኳ ሳልል ወደ ፈረንጅ ቀየርኩና ሴፕቴምበርን ነካሁ። ቀን መቀየር እንጀራዬ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ለሰው ስቀይር ነው የምውለው።

እጄ እዚያው ቀረ።

የእኔው ሳይትማፕ ላይ ወሩን አሥራ ሦስት ብዬ ጽፌዋለሁ። አሥራ ሦስት! ፈላጊው አሥራ ሦስተኛ ወር ከየት ያመጣል? ሌሎቹንም ገጾች በእኛው ዓመተ ምሕረት ነው የሞላኋቸው። አምና ዘንድሮ የተጻፈው ለእሱ ስንት ዓመት የሻገተ ነው። ብቻዬን ሳቅኩ። ልጅቷ ግራ ገብቷት አብራኝ ሳቀች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማታ ለኦቦ ቶ. ነገርኳቸው። ቅር አላቸው።

«ጳጉሜን አያውቃትም? ታዲያ ያን ሰሞን የት ነው የሚከርመው?»

ቀኗ ከተቀየረች ገመቹ አያምንም ብለው ፈሩ። ጳጉሜ ሲገባ ገና ሳይነጋ አብረው የሚታጠቡት እዚያች ምንጭ ነበር። ለፈላጊው ብቻ በፈረንጅ እንደምነግረው፣ ገጹ ላይ ግን ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል እንደሚል አስረዳኋቸው። ቶሌ፣ ይሁን አሉ። እኔም ልቤ ረጋ።

መስከረም 18

ስህተቱ ጠፋ። አሁን «ገጹን አውቄዋለሁ፣ ገና አላስገባሁትም» ይላል። መጠበቅ ነው።

ጭጋጉ እየሳሳ ነው። ሜዳው ላይ የተኛው ውሃ ሰማዩን ይዟል፤ ፈረሶቹ ደመና ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ካፖርት ለባሹ ፈላጊ ዛሬ በየትኛው መንገድ እየመጣ ይሆን? እያልኩ አንዲት ማመልከቻ ሁለቴ አተምኩ። ወ/ሮ ብርቄ ተቆጡ።

መስከረም 25

መጣች።

ሮጥኩ። ኦቦ ቶ. ስልኬን አፋቸው ጋ ይዘው በድምፃቸው ጠሯት። ቀስ ብለው፣ ሰው እንደሚጠሩ። ከላይ፣ መጀመሪያ ላይ ወጣች። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ገላቶሚ ብለው አመሰገኑ። እኔን ይሁን ስልኩን አላወቅኩም።

ጥቅምት 6፣ ምሳ ሰዓት

አንድ ሰው ጻፈ። ገጹ ግርጌ፣ አስተያየት መስጫው ላይ፣ ስም የለውም፦

«ጣሳው አሁንም ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር አለ?»

ምን ጣሳ? ስለ ጣሳ አልጻፍኩም። ኦቦ ቶ. ነግረውኝም አያውቁም። ወ/ሮ ብርቄን አስፈቅጄ ወጣሁ።

ማታ

አነበብኩላቸው። ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ልደግፋቸው ስል በእጃቸው ተዪኝ አሉ። ገመቹ የሄደ ጠዋት ከምንጯ ጠጥቶ ጣሳውን ከድንጋዩ ሥር ደበቀው። ስመለስ እጠጣበታለሁ ብሎ። እሳቸው አንድም ቀን ድንጋዩን አንስተው አላዩም። ከሌለ ብለው ፈሩ።

አለ ብዬ ልመልስለት አልኳቸው። እንቢ አሉ።

«ሳናይ አትመልሺለት። በእናታችን ውሃ አልዋሽም።»

ነገ በጠዋት አብረን እንወርዳለን። ወስነናል።

ጥቅምት 7፣ ንጋት

ኦቦ ቶ. በራችን ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው ባዶ የቲማቲም ጣሳ፣ ታጥቦ። ይሄ ለምን ነው ብላቸው አይናቸውን ወደ ቁልቁለቱ መለሱ። ከሌለ ይሄን እናስቀምጥለታለን አሉ፤ ያን ጊዜ አለ ብንለው ውሸት አይሆንም። እየጠሩኝ ነው፤ ልውረድ።