የሆሴዕ ሳል

ጥር 14
ፈተና ሳርም ዋልኩ። ሳይንስ ላይ አንዱ ልጅ «ሳንባ ለመዘመር ይጠቅማል» ብሎ መልሷል። ነጥብ ሰጠሁት... ምን ላድርግ? ባሌን ሆሴዕን የቤተክርስቲያን ኳየር ውስጥ ሲዘምር ነው የወደድኩት። ትንፋሹ ካጠረው ወዲህ ትቷል።

ሆሴዕ ዛሬም እራቱን ሳይጨርስ ጓሮ ወጣ። እንሰቱ ሥር ቆሞ ይስላል። ቤት ውስጥ አይስልም። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ሳህን አነሳለሁ። ስንት ዓመት ክሬሸር ላይ ድንጋይ ሲፈጭ የኖረ ሰው፣ ሳንባው አቧራ ቢሞላ ምን ይደንቃል? ሐኪሙ ራጁን አይቶ ከሥራ የመጣ በሽታ ነው ብሎታል። ድርጅቱን ካሳ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው።

ጥር 20
መልሱ መጣ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። «ሠራተኛው ሙሉ በሙሉ መፈወሱን ቤተክርስቲያን ውስጥ ቆሞ መስክሯል» ይላል፤ ስለዚህ ካሳ አይከፍሉም። ማን ነገራቸው? ተረፈ ነዋ! የክሬሸሩ አስተዳደር ኃላፊ፣ አብሮን የሚያመልከው። ያን ቀን ከሁሉ አብልጦ ሃሌሉያ ያለው እሱ ነበር።

እውነትም ሆሴዕ መስክሯል። መስከረም ላይ ተጸልዮለት ቀለል አለው፤ ደስ ብሎት ወጥቶ «ጌታ ፈውሶኛል» አለ። እኔም አልቅሻለሁ። ሳሉ በሳምንቱ ተመለሰ። ጓሮ መውጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ለካ የሚደበቀው ከእኔ አይደለም፤ ሃሌሉያ ካሉለት ሰዎች ነው...

ጥር 22
ተጣላን። ጉዳያችንን የሚያየው የሐኪሞች ቦርድ ፊት ስትቀርብ መታመምህን ተናገር ብዬ ብነግረው እምቢ አለ።

«በሰው ፊት ፈወሰኝ ብዬ፣ አሁን ለካሳ ስል ጌታን ልካደው?»

«መድኃኒቱን ታዲያ በምን እንገዛለን? በሃሌሉያ?»

ክፉ ቃል ወጣኝ። ልጃችን ማራኪ እንኳ ደብተሯን ዘግታ አየችኝ።

ጥር 25
የቤተክርስቲያናችንን ሽማግሌ፣ ጋሽ ታዴዎስን፣ ቤት ጠራኋቸው። ይገስጹናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ከሆሴዕ ጋር በሀዲይሳ ቋንቋ ስለ ከብት፣ ስለ ሾኔ ገበያ ሲያወሩ ቆዩ። ጨነቀኝ። ለዚህ ነው የጠራኋቸው? ሊሄዱ ሲነሱ ነው የተናገሩት።

«ያኔ የተሻለህ እውነት ነው። አሁን ያመመህም እውነት ነው። አንተ ግማሹን ነው የመሰከርከው፤ የቀረውን ጨርስ።»

ሆሴዕ እስከ በሩ ሸኛቸው።

የካቲት 6
ቦርድ ቀረብን። ተረፈ ድርጅቱን ወክሎ መጥቷል፤ ዓይኔን ሸሸ። ሰብሳቢዋ ሐኪም ስለ ምስክርነቱ ጠየቀችው።

«መስክሬያለሁ» አላት። «ያኔ ተሽሎኝ ነበር፤ ተመልሶብኛል። አፍሬ ነው የደበቅኩት።»

ከዚያ ሳሉ መጣ። በሩን አየ... አልወጣም። እዚያው እስኪበቃው ሳለ። እንዴት ኮራሁበት! በባሏ ሳል የምትኮራ ሴት አለች?

የካቲት 20
ተፈረደልን! በሽታው በሥራው ምክንያት የመጣ ነው ተባለ። ካሳውም ሕክምናውም በድርጅቱ። ሐኪሟ አልሸነገለችንም፤ ሳንባው እንደ ድሮው አይሆንም ብላለች። ይሁን። ዛሬ እራቱን እዚሁ ቁጭ ብሎ፣ እየሳለ ጨረሰ። ደስ ብሎኛል።

የካቲት 23
እሁድ። ሆሴዕ ሳይነግረኝ ለምስክርነት ወጣ።

«አልዳንኩም» ብሎ ጀመረ። አሜን የሚል ጠፋ። ሕመሙ ከክሬሸሩ አቧራ እንደመጣ፣ ካሳ እንደተፈቀደለት፣ ሰው እንዳይሰማው ጓሮ እየወጣ ይስል እንደነበር ተናገረ። እንደ እሱ የሚደብቅ ካለ አብረው ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ጠየቀ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከግራ በኩል አንድ ሰው ሳለ። ክሬሸር የሚሠራው ጎረቤታችን ነው። ቀጥሎ ሌላ ሠራተኛ። ወደ ውጭ የወጣ የለም። ከዚያ ከኋላችን፣ ታፍኖ የቆየ፣ ከባድ ሳል... ዘወር አልኩ። ተረፈ። ቢሮው እዚያው ክሬሸሩ ሥር አይደል?

ሆሴዕ ዞሮ ትከሻውን ያዘው።

«ነገ ጠዋት ነው የምንሄደው» አለው።