ሐሙስ የምትሄደው

ሰኞ፣ መጋቢት 3

አሁንም ልጄ ቤት ነኝ። ለዓይኔ መጥቼ፣ ሞራውን ገፈውልኝ፣ ይኸው መርፌ ቀዳዳ አያለሁ። ሐኪሙ «ድነሻል፣ ጠብታው ይበቃሻል» ካለኝ ሰነበተ። ለልጄ አልነገርኩትም። ቤቴ ገብቼ ከማን ጋር ላወራ? ባሌ በሕይወት እያለ ቢያንስ ያንኮራፋ ነበር... ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጠብታውን ጉንጬ ላይ ጠብ አደርግና ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ።

ምራቴ ዛሬም ከቤት ስትሠራ ዋለች። ልጄ «ሥራዋ ሂሳብ ነው» ብሎኛል። ምን ዓይነት የሂሳብ ሠራተኛ ናት፣ አንድ ደረሰኝ እጇ ላይ አይቼ አላውቅም! ለኔ ግን ትህትናዋ ለጉድ ነው። «እማማ፣ ምሳ ላቅርብልዎ?» «እማማ፣ ትራስ ልጨምርልዎ?» ሆቴል ያረፍኩ ነው የሚመስለኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ጉዴን ሰማሁ። መስማት ፈልጌ አልነበረም... ውሸት። ፈልጌ ነው። ዕድሜ ልኬን የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቼ፣ የሰው ወሬ ጆሮዬ ካልገባ ምሳ አይወርድልኝም። በሩ ገርበብ ብሏል። ምራቴ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በስልክ ታወራለች።

«የሚመጣው ሐሙስ ትሄዳለች።»

ማን ናት የምትሄደው?

«ትንሽ ናት። ግን ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት፣ ብትወድቅብን ጉድ ይፈላ ነበር!» ሳቅ። «ተመልሳ የምትመጣው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ እፎይ!»

አጭር መሆኔን አውቃለሁ። ግን ስምንት ዓመት?! እና ማን ላይ ነው የወደቅኩት?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ሻንጣዬን አውጥቼ ሳሎን መሃል፣ ሰው የሚያደናቅፍበት ቦታ ላይ ዱብ አደረግኩት። መጀመሪያ ያደናቀፈው ልጄን ነው። ምራቴ ደነገጠች።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ሐሙስ እሄዳለሁ። ላያችሁ ላይ ሳልወድቅ።»

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። ትንሽ ሰው ነኝ፣ ብሄድም አይታወቅም።»

ይበላት! ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን... አለቀስኩ። ይቺ ልጅ የምትወደኝ ይመስለኝ ነበር እኮ።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

ኧረ በሳቅ ልሞት ነው!

ልጄ እራት ላይ «እማዬ፣ የሚስቴ አለት ዜና ላይ ወጣች» አለኝ።

«የምን አለት?»

«አስትሮይድ ናት። አውቶቡስ የምታክል። መሬት ላይ ትወድቅ ይሆን ብለው ፈርተው ነበር፣ ሚስቴ ናት ምህዋሯን አስልታ እንደማትወድቅ ያረጋገጠችው።» የጨው ዕቃውን ፀሐይ አደረገው፣ ስኒውን መሬት። ማንኪያዋን አለቷ አድርጎ፣ በጨው ዕቃው ዙሪያ ከስኒው ውጭ ውጭውን አዞራት። «የሷ መንገድ ከኛ ሰፋ ይላል። እኛ ስምንት ጊዜ ስንዞር እሷ ሰባት ጊዜ። ሐሙስ አጠገባችን አልፋ ትሄዳለች፣ ከስምንት ዓመት በኋላ እንደገና እንገናኛለን።»

«ሂሳብ ነው የምትሠራው አላልከኝም?»

«የሰማይ ሂሳብ ነዋ!»

ሳቄን በሶፍት አፍኜ ክፍሌ ሮጥኩ። እኅቴ ጋ ደወልኩ። በስልክ ተንከተከትን፣ ሆዴን እስኪያመኝ።

ሻንጣውንስ ልመልሰው? የት አባቱ! ከቅዳሜ ወዲህ ቁርሴ አልጋዬ ድረስ እየመጣ ነው። እዚያው ይቀመጥ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ወገቤን ይዤ፣ እያቃሰትኩ፣ ሻንጣውን ወደ በሩ ትንሽ አስጠጋሁት። ትራሴ ሦስት ሆነ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ጠዋት ምራቴ ፈገግ ብላ መጣች። «እማማ፣ ታክሲው ደርሷል።»

የምን ታክሲ? «ሐሙስ አይደል የሚሄዱት?» ሻንጣዬን አንጠልጥላ ወጣች። ልጄም በሩን ከፈተላት። አሁን «ስቀልድ ነው» ይባላል? ኩራቴ እሺ አላለኝም... ገባሁ። እሷም አጠገቤ ገባች።

ታክሲው የቆመው መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ነው!

ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችኝ። ጥቁር ሰማይ፣ የማይነቃነቁ ከዋክብት፣ በመሃላቸው ቀስ እያለች የምትሄድ ነጭ ነጥብ።

«ትናንት በቴሌስኮፕ የተቀረጸች ናት። ሐሙስ የምትሄደው እሷ ናት፣ እርስዎ አይደሉም።»

«አውቀሽ ነበር?»

«ሰኞ ከእኅትዎ ጋር ሲስቁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።» ከዚያ ዓይኔን ሳይሆን ጉንጬን ትክ ብላ አየች። «ጉንጭዎስ? በጠብታው ተሻለው?»

ባልደረቦቿ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ሳቄ መሃል ላይ ተሰበረብኝ። «ቤቴ ጭር ይላል» አልኳት። ለማንም ብዬው አላውቅም።

ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ስታሽከረክር ቆየችና፣ «ቤት ስገባ እርስዎ ሲኖሩ ደስ ይለኛል። ማለቱን አላውቅበትም እንጂ... ትራስ ነው የምጨምረው» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 6

ዕቃዬ ከቤቴ ወደ ልጄ ቤት ተጓዘ። ሁሉም ገባ፣ ቁም ሳጥኑ ብቻ በር ላይ ተወተፈ። ልጄ ከውስጥ ይስባል፣ ምራቴ ከውጭ ትገፋለች። እኔ ሁለቱንም አዛለሁ።

«በግራ! ኧረ በግራ! ቀለሙን ላጣችሁት!»

«እማዬ፣ ነይና ግፊ እንጂ!» ጮኸች ምራቴ፣ ላብ በላብ ሆና። «ቆመሽ ታዢኛለሽ?»

ልጄም መሳቡን ተወ። ካገባት ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን «አንቺ» ብላኝ አታውቅም። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ውይ... ይቅርታ፣ እርስዎን ማለቴ...»

«እርስዎ ካልሽኝ ቁም ሳጥኑን ብቻሽን ትገፊዋለሽ!»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። አጠገቧ ቆሜ፣ ትከሻዬን ከትከሻዋ ገጥሜ ገፋሁ። የበሩ ቀለም ተላጠ። ገባ።