ለልክ የወጣው መጽሐፍ

በራችን ተንኳኳ! ልብስ ሊያሰፋ አይደለም፣ ዚፕ ሊያስቀይርም አይደለም፤ ልጄን ሀዲያን ፈልጎ ሰው መጣ! «ሀዲያ አለች?» ብሎ የሚጠይቅላት ሰው ተገኘ፣ እሷም ሰኞ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ አለችኝ! ይህን ሳልናገር ሰላምታ ላስቀድም ብል ምላሴ እምቢ አለኝ፤ ይቅር ይበሉኝና አሁን ወደ ወጉ ልግባ።

ለተከበሩ አቶ ኪዳነማርያም፣
የልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤
መካነ ሰላም።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ ደህና ነው? ቢሮዎ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለው ባለመስታወቱ ቁም ሳጥን፣ የቁም ሳጥኑም ቁልፍ በደህና አለ? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ከዚህ ከመካነ ሰላም ብርድ በቀር ምንም አልሆንኩም። ምናልባት ስሜ ካልመጣልዎ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በአንዲት ኪራይ ክፍል ልብስ የምሰፋው ሙሉሐረግ ነኝ፤ ከኩዌት የተመለስኩት። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አጻጻፌ ቢያነክስ፣ እርስዎ የአማርኛ መምህር ነበሩና በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኝ፤ ከማረምዎ በፊት ግን እባክዎ ያንብቡልኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ ያደረግሁትም ለዚሁ ነው። በፖስታ እያሸግሁ ያመጣሁልዎትን ሁሉ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ ተቀብለውኛልና፣ ስብሰባ የማይለቀው ሰው እንኳ ሲወጣና ሲገባ በር ላይ የተለጠፈ ነገር ዓይኑ ውስጥ ይገባል ብዬ፣ አንዱን ቅጂ በእኔ በር፣ አንዱን በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ መጽሐፎቹ አመሰግናለሁ። ጥር ላይ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በካርቶን የታጨቁ የልጆች መጻሕፍት አምጥቶ ነበር፤ ጓደኞቹ የሚያሾፉበት፣ የሚያሸማቅቁት፣ ምሳውን የሚቀሙት ልጅ ምን ያድርግ፣ ለማን ይንገር፣ ቆሞ የሚያይስ ልጅ ምን ይበጀዋል የሚሉ ተረቶች ናቸው። የርክክቡ ዕለት እርስዎ ስለ ንባብ ያደረጉትን ንግግር ሰምቼ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ፎቶግራፉም ያምራል። ከፎቶግራፉ በኋላ መጽሐፎቹ ቢሮዎ ባለው ቁም ሳጥን ገቡና ተቆለፉ። መቼ ለልጆቹ እንደሚሰጡ መጥቼ ስጠይቅዎ፣ «ወይዘሮ ሙሉሐረግ፣ በእኛ ትምህርት ቤት ልጅ የሚያሸማቅቅ ልጅ የለም፤ መጽሐፉን ካደልን ግን አለ ማለታችን ነው» አሉኝ። ይህን ቃል ወደ ቤቴ እየሄድሁ ሳመላልሰው ጥልቀቱ አስደነቀኝ። በዚህ ዓይነት መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ቢዘጋ ኖሮ በከተማችን የሚታመም ሰው ባልተገኘ ነበር፤ እኛ ግን ሞኞች ነንና በሩን ክፍት ትተን እንስላለን።

ሁለተኛ፣ ስለ «ካርጎ» አመሰግናለሁ። ካርጎ ማለት ልጄ ናት። ሀዲያን በሁለት ዓመቷ አቀስታ እህቴ ዘንድ ትቻት ነው የሄድኩት፤ ያደገችው እዚያ ነው፣ «እማዬ» የምትለውም እህቴን ነው። እኔ ለእሷ ከሩቅ አገር ጫማ፣ ቦርሳና ብርድ ልብስ የምትልክ ሴት ነበርኩ፤ ዕቃው ሁሉ በካርጎ ይመጣል። ተመልሼ እዚህ ቤት ስከራይና ከእኔ ጋር ስትኖር፣ የክፍሏ ልጆች ታሪኩን ሰሙና ስሟን ጣሉት። «ካርጎ፣ አንቺንም በላስቲክ ጠቅልለው ነው እንዴ የላኩሽ?» «ካርጎ፣ ባለቤትሽ ቀረ፤ መጋዘን ልናስገባሽ ነው!» ይሏታል። የጀመረውን ልጅ ስም አልጽፍም፤ እሱም ልጅ ነው፣ እናቱም ደንበኛዬ ናት። ለክፍል ኃላፊዋ ብትናገር «ቀልድ ነው፣ አንቺም ቀልድ ልመጂ» ተባለች። ልጄ ቀልድ ስላልለመደች ምሳዋን ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ብቻዋን መብላት ለመደች። ይህንንም ነግራኝ አይደለም፤ ዩኒፎርሟን ሳጥብ ጀርባው ላይ የታንከሩን ዝገት በየቀኑ አገኘዋለሁ። እኔ ዝገቱን በሎሚ ሳስለቅቅ፣ በእርስዎ ትምህርት ቤት ደግሞ የሚያሸማቅቅ ልጅ አልነበረም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጥ ነውና ትንሽ ሰፋ ላድርገው። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ሀዲያ አንድ ቀን የዚያን ልጅ ደብተር ቀደደች። ደህና አደረገች አልልም፣ አላልኩምም። እርስዎም ሽማግሌ ጠሩ። በአገራችን ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ተበዳይ «ስለ ፈጣሪ ይቅር ብያለሁ» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ስንት ደም የደረቀበት ወግ ነው፤ እኛ ወሎዎች በዚህ ስንኮራ ኖረናል። ይህን ትልቅ ወግ ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ያመጡት ግን እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። በደል ያሉት የደብተሩን መቀደድ ነበርና ድንጋዩ ለልጄ ተሰጠ፤ ዓመቱን ሙሉ ስሟን የቀሟት ልጆች በተበዳይ ቦታ ተሰለፉላት። ያውም ርኅራኄዎ አይረሳኝም፣ ቀለል ያለውን ድንጋይ በእጅዎ መርጠውላታል። ድንጋዩ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ከሰልፉ አንዱ «ካርጎ ተጫነች!» አለ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እርስዎም በሪፖርትዎ «ዕርቁ በደስታና በሳቅ ተጠናቋል» ብለው እንደጻፉ ከወላጅ ኮሚቴው ሰምቻለሁ፤ ሳቁ እውነት ነው፣ ምስክር ነኝ፣ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ትምህርት ቤት አልሄደችም። አንድም ሰው «ምነው ቀረች?» ብሎ አልመጣብንም፤ ስላላስቸገሩን እግዜር ይስጥልኝ።

እርስዎ ብቸኝነትን ያውቁት እንደሆነ እንጃ፤ የሚያውቁት አይመስለኝም፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎትና። እኔ ግን ላውጋዎት፣ መቼም ሰው ካገኘሁ ወሬ አላቋርጥም። ኩዌት ሳለሁ ማዳሟ ስሜን ጠርታው አታውቅም፤ «አንቺ ልጅ» ነበርኩ። አገሬ ስገባ ስሜ የሚጠራ መስሎኝ ነበር፤ እዚህ ደግሞ «ሰፊዋ» ሆንኩ። ሰው ይመጣል፣ እጁን ዘርግቶ ይለካል፣ «ለበዓል ይድረስልኝ» ይልና ይሄዳል። ልጄም ስታድግ አላየችኝምና እንደ እንግዳ ሰው «አንቱ» ትለኛለች፤ «ውኃ ይጠጣሉ?» ትለኛለች፣ የወለድኳት። ከጾሙ አጋማሽ ወዲህ በዚያች ክፍል ሁለታችን ተቀምጠን ስንውል የሚያወራው የስፌት መኪናው ብቻ ነበር። እሱም ክሩ ሲያልቅ ዝም ይላል።

አራተኛ፣ ኧረ እንዲያውም ይኸኛውን አንደኛ ላደርገው ይገባኝ ነበር፤ ስለ ልኩ አመሰግናለሁ። መጽሐፎቹ በመስታወቱ በሚገባው ፀሐይ ቀለማቸው እንዳይለቅ አስበው፣ ለእያንዳንዳቸው የጨርቅ ልባስ እንድሰፋ አዘዙኝ። የማይነበብ መጽሐፍ ፀሐይ እንዳይመታው ልብስ ይሰፋለት ያለ አስተዳዳሪ ከእርስዎ በፊት አላየሁም። ሰፊ ልክ ሳይወስድ አይሠራምና፣ ከብዙ ማሰብ በኋላ ቁልፉን አወጡ፣ አንዱን ብቻ መዘዙ፣ «ለልክ ነው፤ እንዳይገለጥ አደራ» ብለው ሰጡኝ። ከዚያ ቁም ሳጥን በእግሩ የወጣ መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው። ልኩንማ የወሰድሁት ያኔውኑ ነበር። በኋላ ጸሐፊዎ ሲልኩብኝ «ገና አልገጠመልኝም» እያልሁ ያቆየሁት፣ ልጄ እያነበበችው ስለነበር ነው።

መጽሐፉ ጉንጯ ላይ የእሳት ጠባሳ ስላለባት፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዋን ስለምትቀመጥ ልጅ ነው። በውስጡ የሚደበደብ የለም፣ የሚታሰር የለም፣ ሽማግሌም አይመጣም። ያች ልጅ የሚሏትን ለአያቷ ትናገራለች፤ ከሚስቁት ልጆች አንዷ ደግሞ አንድ ጠዋት ደብተሯን ሰብስባ ተነስታ አጠገቧ ትቀመጣለች። ይኸው ነው። አስተማሪው እንኳ አላዩም፤ መጽሐፉ ግን አየ። ሀዲያ መጀመሪያ በዓይኗ ብቻ ነበር የምታነበው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሳታውቀው ድምፅ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። መኪናውን ካቆምሁ የምታቆም መሰለኝና ፈራሁ፤ ስለዚህ ክር የሌለው መርፌ በቁራጭ ጨርቅ ላይ እየነዳሁ አዳመጥኋት።

በዚያው ሰሞን የክፍሏ ልጅ ፈይዛ የቀሚሷን እጥፍ ልታስፈታ መጣች፤ ቁመቷ ጨምሮ ቀሚሱ አጥሯታል። ሀዲያን ስታይ ደነገጠች፣ ሀዲያም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ በተፈጥሮዬ ለፍላፊ ብሆንም ያን ቀን አፌን ዘጋሁ፤ እጥፉን ግን እንደ ኤሊ ነው የፈታሁት። ፈይዛ ቆማ ቆማ ሲደክማት መጽሐፉን አየችና «ይኼ ከቁም ሳጥኑ አይደለም እንዴ? እንዴት ወጣ?» አለች። «ለልክ» አለቻት ሀዲያ። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ሆነው አነበቡ። ልጅቷ ወንበር ቀይራ የምትቀመጥበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ፈይዛ ጣቷን ገጹ ላይ አቁማ፣ «እኔ እኮ ሰድቤሽ አላውቅም፣ ወላሂ። ስቄ ነው እንጂ» አለቻት። ልጄ ምን አለቻት መሰልዎ? «እኔ የሚሰማኝ ሳቁ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ በቃ፤ ዕርቅ ወረደ። ሰልፍ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ሪፖርት የለ። የተሳሳተችው ልጅ አለቀሰች፣ የተጎዳችው ልጅ የሹራቧን እጅጌ ሰጠቻትና አፍንጫዋን ጠረገችበት። ቀሚሱ አልቆ እንኳ ፈይዛ አልሄደችም።

በማግስቱ በሩ ሲንኳኳ እኔ እንደ ልማዴ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ከፈትሁ። ፈይዛ ናት። «ምን ልስፋልሽ?» ብላት፣ «ምንም። ሀዲያ አለች?» አለችኝ። ሜትሩን አውርጄ የት እንደጣልሁት እስካሁን አላገኘሁትም። ፈይዛ የዚያን ቀን ስትሄድ ልጄ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሰኞ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል፤ ዩኒፎርሜን ተኩሺልኝ» አለችኝ። «ይተኩሱልኝ» አላለችም። ተኩሺልኝ። ሁለቴ ተኮስሁት።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። አንድ ጓደኛ ብዙ ነው፤ የቤታችንን ጭር ማለት ስለማውቅ ብዙ መሆኑን ማንም አያስተምረኝም። ነገር ግን ፈይዛ ጉንፋን የያዛት ቀንስ? ወገዲ አያቷ ዘንድ የሄደች ቀንስ? ያን ቀን ልጄ ወደ ታንከሩ ጀርባ ከተመለሰች ሁለተኛ አላወጣትም። የሚስቁት ብዙ ናቸው፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት መጽሐፎችም ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው ያለው አንድ ቁልፍ ነው፣ እሱም በኪስዎ ነው። ልባሶቹን ሰፍቼ ጨርሻለሁ። መጽሐፎቹ ለብሰው እንዲቀመጡ ሳይሆን ለብሰው እንዲወጡ ነው የሰፋኋቸው፤ እያንዳንዱ ልባስ በልጅ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ማንገቻ አለው። እንደ ትእዛዝዎ ስላልሆነ የስፌቱን ዋጋ አልጠይቅዎትም።

ስላስተማሩኝ ሁሉ፣ በተለይም ልጆቹን ሳያስተምሩ እኔን ስላስተማሩኝ እያመሰገንሁ፣ ለሥልጣንዎ ጽናት፣ ለቁልፍዎ አለመዛግ፣ ለስብሰባዎ ማለቅ ዱአ የማደርግልዎ፣ ከጉልበትዎ በታች ያለሁ አክባሪዎ፣

ሙሉሐረግ አራጋው
የሀዲያ እናት

ግልባጭ፦
ለወላጅ ኮሚቴ፣
ለሦስቱ ሽማግሌዎች፣
«ካርጎ ተጫነች» ላለው ልጅ (በፍቅር)።

ማስታወሻ፦ ያን ድንጋይ ሀዲያ በዚያው ዕለት ተሸክማው ቤት ገብታ ነበር፤ የት ታውርደው፣ ማንም አውርጂ አላላትም። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ስቆርጥ እንዳይንሸራተት ጫፉን ይይዝልኛል፤ ደህና ድንጋይ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለሆነ ግን ልመልስ አስቤአለሁ። አጥቤ ከበሬ ጎን አስቀምጬዋለሁ፤ ቀላል ነው፣ መርጠው ያነሱት እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ከበሩ እስከ ልጄ ድረስም ሩቅ አይደለም። የወጉን ሥርዓት ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሽማግሌዎቹም ጥሪ ደርሷቸዋል፣ ቁልፉን ይዘው ቢመጡ ደግሞ ድንጋዩን እንደተሸከሙት እንቆጥርልዎታለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ እንዲበላ ሥጋ የለበትም፤ ዳቦ ደፍቻለሁ፣ ቆሎና ሻይ አለ። ቤቴ እስከዛሬ ሁለት ወንበር ብቻ ነበረው፣ ሦስተኛ አስፈልጎኝ አያውቅም፤ አሁን ከጎረቤት አግዳሚ ተውሼ ከደጅ እስከ አጥሩ ደርድሬአለሁ፣ ባዶውን እንዳታሳድሩብኝ። የልጄን ስም የምታውቁም የማታውቁም፣ የሳቃችሁም ዝም ያላችሁም፣ ሁላችሁም ኑ፦ የፊታችን እሁድ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት።