የመርፌ ቀብር ደብተር

ጥቅምት 2

ጉልበቴ ዛሬ ደህና ዋለች። አርባ ሁለቱን ደረጃ ወርጄ ወጣሁ። መሀል ላይ ሁለቴ ቆሜ በመስኮት የማይ መሰልኩ፤ ደክሞት ነው እንዳይሉኝ። መነጽሬን ፈልጌ ፈልጌ ግንባሬ ላይ ተገኘ። ቁንጫ እያየች ዝም!

"መቼ ልትነግሪኝ ነበር?"

"ፍለጋው ሲሰለችህ።"

የእኔው ትምህርት ነው፣ ምን እላለሁ።

ቁንጫ የልጅ ልጄ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ። ስሟ ሌላ ነው፤ ሕፃን ሆና ካልጋ አልጋ ስትዘል ጊዜ እኔ ነኝ ያወጣሁላት። እናቷን ከቀበርን ወዲህ በዚህች ሁለት ክፍል ቤት እሷና እኔ ብቻ ነን። የምትሠራውም እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በሰፋሁበት ስፌት ቤት ነው።

ከሥራ በእግሯ እንደምትመጣ ሰሞኑን ደረስኩበት። የአንድ ሰዓት መንገድ። "አውቶቡሱ ከድቶሽ ነው ወይስ የሚሸኝሽ ሰው ተገኘ?" አልኳት። አልሳቀችም። ፍቅር ይዟታል... ካልሆነማ ምን?

ጥቅምት 5

"የሸኚሽ ጫማ ቁጥሩ ስንት ነው? መንገዱ ረጅም ነው፣ ሶል ላስቀይርለት።" ሳህኗን ሳትጨርስ ተነስታ ክፍሏ ገባች። ቀልዴ ጨው አጣ።

ጥቅምት 9

ኮቷን ጠግንልኝ ብላ ትታልኝ ሄደች። የኪሱ ታች ተቀዷል። እጄን ሰድጄ ስዳብስ ገበሩ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ። የፍቅር ደብዳቤ! አልኩ። ሽማግሌ ነኝ እንጂ ጨዋ ነኝ አላልኩም... ገበሩን ተረተርኩት።

የደመወዝ ወረቀት ነው። አራት። የአራት ወር። በቀዳዳው ሾልከው ገብተዋል። በእያንዳንዱ ላይ፦ "የመርፌ ተቀናሽ፤ በቤቱ ደንብ መሠረት።" የሙሉ ወር የአውቶቡስ ሒሳቧን ይበልጣል። ለአንዲት ለተሰበረች መርፌ በሚቆርጡት አንድ ፓኬት ሙሉ መርፌ ይገዛል።

ስለዚህ ነው በእግሯ የምትመጣው። እኔ ደግሞ ጫማ ቁጥር እጠይቃለሁ።

የቱ ደንብ? ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ደንብ አላየሁም።

ጥቅምት 10

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ከየት አገኘኸው?"

"ገበርሽ ነገረኝ።"

"መርፌ ሰብሬ ነው፣ አባባ።"

"መርፌ ያልሰበረ ሰፊ አለ እንዴ? ጂንስ እየሰፉ መርፌ እንዳይሰበር መመኘት ዝናብ ላይ ቆሞ አልርጠብ ማለት ነው። የሥራው ወጪ የጌታው ነው። ለመሆኑ ደንቡን ማን አወጣው?"

አየችኝ። ረጅም አየችኝ። ከዚያ ኮቷን አንስታ፦ "ተወኝ በቃ። ዝም አይነቅዝም።"

"መርፌ ግን ይዝጋል" አልኳት ከኋላዋ። በሩ ተዘጋ።

ያ አስተያየት ምን ነበር? የተቆጣች አይመስልም። ያዘነችልኝ ነው የሚመስለው። ለምን ለእኔ?

ጥቅምት 14

ተኳሿ መጣች። የካውያ ተኳሽ ናት እንጂ የጠመንጃ አይደለችም፤ ግን አፏ አይስትም። ድሮ ከጎኔ ትሰፋ ነበር፤ ዓይኗ ሲደክም ወደ ካውያ አዛወሯት። አሁንም እዚያው ናት። ደረጃውን ወጥታ ስታለከልክ "ሙሽራው ቤት መድረስ እንዲህ ያደክማል" አልኳት።

"አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬ ለቀልድ አልመጣሁም። ደብተርህ ተገኘ።"

"የምን ደብተር?"

"የመርፌ ቀብር።"

ሳቅሁ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ... እሷ ግን አልሳቀችም።

ስፌት ቤቱን ዛሬ የያዘው የድሮው ጌታችን ልጅ ነው። እኔ "ቁልፍ" ነው የምለው። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ከጠረጴዛዬ ላይ የካፖርት ቁልፍ አንስቶ ዋጠ፤ ጉሮሮው ላይ ቀረበት፤ በእግሩ ዘቅዝቄ ጀርባውን መትቼ አወጣሁለት። እሱ ነው አሮጌ መሳቢያ ሲያጸዳ ደብተሬን ያገኘው።

ቁንጫ ልትከስ ነበር አለች ተኳሿ። የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዳ ቅጹን ሁሉ ሞልታለች። ቁልፍ ይሄን ሲሰማ ጠርቶ ደብተሩን ዘረጋላት። የመጀመሪያው ገጽ በእኔ እጅ ጽሕፈት፦ "በዚህ ቤት መርፌ የሰበረ ሁሉ የከፈኗን ይከፍላል። ሁላችን ተስማምተናል።" ከሥሩ አሥራ አንድ ፊርማ። ደንቡን አያትሽ ነው ያወጣው አላት።

"እሱስ ይሁን" አለች ተኳሿ። "በየወሩ መጨረሻ ምን ብለህ ጽፈሃል?"

"ምን ብዬ?"

"ተበላ። ተበላ። ተበላ። 'አያትሽ የሠራተኛ ገንዘብ እየሰበሰበ ሲበላ ኖሯል፤ በጽሑፍ አምኗል። ከከሰስሽኝ ለሁሉ አነብበዋለሁ' አላት። ልጅቷም ቅጹን ቀደደችው።"

ለእኔ ስም ብላ። አራት ወር ስትቆረጥ፣ አራት ወር በእግሯ ስትሄድ... ለእኔ ስም ብላ።

ጥቅምት 15

እንዴት እንደተጀመረ ላስታውስ።

ስባሪ መርፌ ልብስ ውስጥ ከቀረ የገዛውን ሰው ይወጋል። ስለዚህ ስባሪውን ሁሉ መሰብሰብ ግዴታ ነበር። ማንም ደስ ብሎት አይሰበስብም። እኔ ጨዋታ አደረግሁት። ስባሪዎቹን ሳሙና ላይ እየሰካሁ በቆርቆሮ ቀበርኳቸው፤ ለእያንዳንዷም ሙት መዝገብ ጻፍኩ። ገዳዩ አንዲት ሳንቲም ቆርቆሮው ውስጥ ይጥላል። ወር ሲያልቅ በሳንቲሙ ዳቦ ገዝተን በሻይ... ተበላ። ዳቦው ነዋ የተበላው!

ማን ያውቅልኛል? ቃሉ እንደሆነ አንድ ነው። ዳቦም ይበላል፣ የሰው ገንዘብም ይበላል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣስ?

ጥቅምት 17

ስፌት ቤቱ ሄድኩ። የእኔ የስፌት መኪና በነበረበት፣ መስኮቱ ሥር፣ ቁንጫ ተቀምጣለች። ስታየኝ እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። አልፌ ቁልፍ ቢሮ ገባሁ። ተነስቶ ተቀበለኝ፤ እሱስ ስድ አይደለም።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"ደብተሬን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ሰነድ ነው አሁን።"

"ቀልድ ነው፣ አንተ ልጅ! ለዚያ ሳንቲም ማንም ደመወዝ አልነካም። አባትህ እንኳ አልነካም።"

"እርስዎ መቼ ቁም ነገር መቼ ቀልድ እንደሚያወሩ በዚህ ቤት ለይቶ የሚያውቅ አለ?"

በሰባ አራት ዓመቴ አፌ ጾም ሲያድር ዛሬ የመጀመሪያው ነው።

ስወጣ በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ሰፊዎች ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "እሱ ነው እንዴ የበላው?"

ጥቅምት 18

ትናንት ማታ ቁንጫን አስቀመጥኳት። "ክሰሺ" አልኳት።

"ስምህን ያነሳዋል።"

"ያንሳው። ሲደክመው ያስቀምጠዋል።"

"አባባ፣ አትቀልድ።"

"አልቀለድኩም። ስሜ የእኔ ነው፣ ላበላሸውም መብቴ ነው። ደመወዝሽ ግን የአንቺ ነው። አንቺን ጠይቄ ነው እንዴ ያን ጊዜ የጻፍኩት?"

አለቀሰች። እኔ... ዓይኔ ውስጥ ክር ገባ።

ጧት አዲስ ቅጽ ልታመጣ ሄደች። የአውቶቡስ ሰጠኋት። ይሄንንም ተከራከረችኝ።

ኅዳር 1

የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ፤ ጠባብ ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛ። ተቆጣጣሪዋ የቁንጫን እናት ዕድሜ የምታክል ሴት ናት፤ እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ትረሳዋለች። ነገር ልናገር አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። ተኳሿም ልትመሰክር መጥታለች።

ቁልፍ ደብተሩን ዘረጋ። "የቤቱ ደንብ ሃያ ዓመት የቆየ ነው። ፊርማውም ይኸው።"

ተቆጣጣሪዋ አሥራ አንዱን ፊርማ በጣቷ ቆጠረች። "የእሷ ፊርማ የቱ ነው?"

"እሷ እንኳ ያኔ..."

"ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ሦስት" አለች ቁንጫ። ከዚያም ቀና ብላ፦ "እኔ በአያቴ ደብተር አልተቀጠርኩም። የፈረምኩት ውል አለ። መርፌ የሚል ቃል የለበትም። ቁረጡብኝ ብዬም አልፈረምኩም።"

ይቺ ናት ቁንጫ? ድምፅዋ የእናቷ ሆኖ ወጣ።

ቁልፍ ወደ እኔ ዞረ። "ታዲያ ጋሼ ሲሰበስቡ የነበረው? በየገጹ 'ተበላ' ይላል።"

"ፈቃድሽ ከሆነ አንድ ገጽ ላንብብ፣ ልጄ" አልኳት ተቆጣጣሪዋን። ደብተሩን ሰጠችኝ። መነጽሬ ዛሬ ቦታው ላይ ነበር። አነበብኩ፦

"አሥራ ስምንት ቁጥር መርፌ፣ በጂንስ ኪስ ላይ ሥራ እንደያዘች ዐረፈች። ገዳይ፦ እኔ ራሴ። ወር መጨረሻ። ተበላ። አሥራ አምስት ዳቦ ከሻይ ጋር። የጌታው ልጅ ብቻውን ሦስት። ሆዱ ይመርመር፤ ቁልፍም ሊገኝበት ይችላል።"

ተቆጣጣሪዋ እርሳሷ ከጸጉሯ እስኪወድቅ ሳቀች። ቁልፍ ጆሮው ቀላ። የመጀመሪያውን ገጽና "ተበላ"ን ብቻ ነው ያነበበው! ሌላውን አልገለጠም።

ሳቋን ጨርሳ ፊቷን ሰበሰበች። ሕግ ካላዘዘ፣ ፍርድ ቤት ካልወሰነ፣ ሠራተኛዋም በጽሑፍ ካልፈቀደች ከደመወዟ አምስት ሳንቲም አይነሳም አለችው። "እኚህ አባት በልተውም ቢሆን ዕዳው የእሳቸው ነው። የሷን ደመወዝ ምን አገባው?"

የተቆረጠው ይመለስ ተባለ።

ስንወጣ ክንፍ አወጣሁ። ለተኳሿ "አየሽ ዳቦዬን? ከስንት ዓመት በኋላ መሰከረልኝ" አልኳት። ደረጃው ላይ ቆማ፦ "ልንገርህ?" አለች። "ያኔ ሦስት ልጆች ነበሩኝ። መርፌ የሚሰበርብኝ እኔ ነበርኩ፤ ዓይኔ ደክሞ ነበር። ሳንቲሟ የአውቶቡሴ ነበረች። እየሳቅሁ እጥላታለሁ፣ በእግሬ ቤቴ እገባለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሁሉ ሲስቅ?"

ኅዳር 2

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዳቦዋን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ትሄድ ነበር... አሁን ትዝ አለኝ። ለልጆቿ ነበር። እኔ በደብተሩ ምን ብዬ ጽፌባታለሁ? "ተኳሿ ዳቦ ሰወረች፤ ይጣራ።"

ገጹ ዓይኔ ላይ መጣ። አልሳቅሁም።

ኅዳር 11

ያለ ወቅቱ ዝናብ። ቁንጫ ስፌት ቤት ያለውን ነገረችኝ። ከመስኮቱ ሥር አንስተው መጸዳጃው በር አጠገብ አስቀመጧት። ብርሃን የለም። ከሰፊዎቹ አቤቱታው ላይ አብረዋት የፈረሙት ስድስት ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ፈሩ። አንዲቱ "የበላው ሰውዬ ልጅ" ብላታለች።

"ልቀቂው" አልኳት።

"እንዴት ተደርጎ! የመኪናዬን መነሳትም ጽፌ ለቢሮው አስገብቻለሁ።"

ኅዳር 30

የደመወዝ ወረቀቷን ራሷ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። "ገበር እንዳትተረትር ብዬ ነው" አለች። የመርፌ ተቀናሽ የሚለው መስመር ጠፍቷል። በቦታው "ተመላሽ፤ የአራት ወር።" መኪናዋ ገና መጸዳጃው ጋ ናት። መልስ አልመጣም። ወደ ቤት ግን በአውቶቡስ ገባች፣ እግሯ ሳይረጥብ።

ደብተሬንም ቁልፍ ልኮልኛል፤ ቃል የለበትም። ይሁን።

ዳቦ ገዛሁ። ከጡረታዬ፣ ከማንም ሳልሰበስብ። ተኳሿን ጠራሁ። እሷው ፊት "ዳቦ ሰወረች" ያልኩትን ሰረዝኩና "ይቅርታ" ብዬ ጻፍኩበት። አነበበችው። "እጅ ጽሕፈትህ ዛሬም እንደ ዶሮ ጭረት ነው" ብላ ሁለት ዳቦ አነሳች። አንዱን ጠቀለለችው። ልጆቿ አድገው አግብተዋል፤ ለምን እንደጠቀለለች አልጠየቅኋትም።

በልተን ስንጨርስ ብዕሬን አነሳሁ። እንደ ልማዴ "ተበ..." ብዬ ቆምኩ። ሰረዝኩት። ተበላ ማለት በሊውን መደበቅ ነው። "በላን" ብዬ ጻፍኩ።

ቁንጫ ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ፦ "አባባ፣ ይሄም እኮ ያው ነው። 'በላን' ማለት 'እሱ እኛን በላን' ማለትም ይሆናል። ነገ ደግሞ ቢሮ ልትወስደን ነው?"

ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ። በእኔው ላይ።

ጨመርኩበት። አሁን እንዲህ ይነበባል፦

እኛ በላን። ስድስት ዳቦ። ከፋይ፦ እኔ።