ያጠፋሁት ማድያት

ጥቅምት 6

ጭጋግ። ፎቶ ቤቱን ስከፍት ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም ነበር። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ፊት የሌለው ይመስላል... ደስ ሲል! ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሰው ጉርድ ፎቶ ሳጸዳ ዋልኩ። ብጉር፣ ጠባሳ፣ የዓይን ሥር ጥቁረት። ማውሱን ጫን፣ ጠፋ። የራሴ ማድያት ግን ጉንጬ ላይ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል፤ ሂድ ቢሉት የማይሰማ እንግዳ።

ማታ ሾፌሩ ደወለ። የእህቴ ባል ጓደኛ ነው፣ ለትዳር ያገናኙን እነሱ ናቸው፤ ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። ክረምቱን ሙሉ በስልክ ብቻ... ድምፁን ስሰማ ተኝቼ ይሁን ነቅቼ አላውቀውም።

"በወሩ መጨረሻ በእናንተ በኩል አልፋለሁ፤ በአካል ላይሽ ነው። ፎቶሽን ከመሪው በላይ ለጥፌዋለሁ" አለ።

የትኛውን? ያንን ያጸዳሁትን! ማድያቱን አንድም ሳላስቀር ያጠፋሁበትን። ወይ ጉዴ!

ጥቅምት 9

እህቴ ክሬም አመጣች። ስም የለው፣ ምን የለው፤ ከሰው ዕቃ የተቀነሰ። "በአጭር ጊዜ ወተት ትመስያለሽ" አለች።

"ወተት ምን ያደርግልኛል፣ ሰው ልምሰል እንጂ።"

ሳቀች። ተቀባሁት ግን። እሱ ሊመጣ ነዋ።

ጥቅምት 12

ያቃጥላል። "ሲሠራ ነው የሚያቃጥለው" ትላለች። እሷ ምን አለባት?

ጥቅምት 14

ፊቴ እሳት ሆነ። ቀላ፣ አበጠ፣ ተላጠ። ትራስ ሲነካኝ ያስጮኸኛል። በህልሜ ፊቴን አውልቄ ሳፋ ውስጥ ነከርኩት፤ ውሃው ላይ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። አልፈራሁም ደግሞ። ያለቀስኩት ስነቃ ነው።

ጥቅምት 15

የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። "ማን አዘዘልሽ?" አለችኝ።

"እህቴ።"

"ሐኪም ናት?"

"ኧረ ጸጉር ሠሪ ናት።"

ሳቋን ዋጥ አደረገች። ቆዳዬ ስስ ነው፣ ቶሎ የሚቆጣ ዓይነት። በተቆጣ ቁጥር ደግሞ ይባስ ይጠቁራል አለች። ክሬሙን ተይው። ሎሚም፣ መፈግፈግም የለም። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ ሽታ የሌለው ቅባት፣ የፀሐይ መከላከያ ጠዋት ተቀቢ፣ ቀን ድገሚው፣ ባርኔጣ አድርጊ። ቁጣው ሲበርድ ለስላሳ መድኃኒት እንጀምራለን...

"መቼ ይጠፋል?"

"ይደበዝዛል። ወራት ይፈልጋል። ጨርሶ ላይጠፋም ይችላል።"

ወራት! እሱ እኮ በወሩ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ምን ይውጠኛል?

ጥቅምት 21

ዛሬ አንዲት እናት መጡ። የሞተች ልጃቸውን ፎቶ አሳድጊልኝ ብለው ሰጥተውኝ ነበር፣ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት። ልጅቷም እንደኔው ማድያት ነበራት። አሳዘነችኝና አጸዳሁላት። እንዴት አማረባት!

ፍሬሙን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት።

"ይቺ ማናት?"

"ልጅዎ ናት፣ እማማ።"

"ፊቷ ላይ የነበረውስ? ስታረግዝ ነው የወጣባት። 'እማ፣ ልጄ ከሆዴ ሆኖ የሳመኝ ቦታ ነው' ትለኝ ነበር። የት አደረግሽብኝ?"

ቢጮኹብኝ በስንት ጣዕሙ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። የድሮውን መልሼ አተምኩት። ከማሽኑ ቀስ ብላ ስትወጣ ጉንጯን በጣታቸው ነኩና "አሁን መጣች" አሉ።

ሲሄዱ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ስንት ሰው አጥፍቼ ይሆን እስከዛሬ?

ጥቅምት 22

ራሴን ፎቶ አነሳሁ፣ በመስኮቱ ብርሃን። ቀይ፣ የተላጠ፣ ማድያታም። እጄ ወደ ማውሱ ሄደ... ተመለሰ። ላኩለት። "እኔ ይቺ ነኝ። የበፊቱን ያጸዳሁት እኔው ነኝ። መምጣቱን ብትተወው አልቀየምህም" ብዬ ጻፍኩ።

ውሸቴን ነው። እቀየማለሁ።

ጥቅምት 23

ዝም።

ጥቅምት 24

ዛሬም ዝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከስልክ የወጣውማ ማን ይመልሰዋል? እህቴ "አንቺ ሞኝ! ከሠርጉ በኋላ ይነገረው ነበር እኮ" ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ፊቴን ቀረብ ብላ አየችውና ክሬሙን ራሷ ወስዳ ጣለችው። እያለቀሰች።

ጥቅምት 26

ደወለ! ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ላይ ነበርኩ አለ። ከኋላው የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፣ ከሩቅ፣ እንደ ዝናብ።

"ፎቶውን አየሁት" አለ።

"እሺ።"

"ያምሻል?"

ማንም አልጠየቀኝም እኮ ይሄን። ሁሉም ምን ተቀባሽ፣ ምን ልትቀቢ ነው። እኔም መቼ ይጠፋል ብቻ።

"ያማል" አልኩት። አለቀስኩ። እንባው የተላጠው ላይ ሲወርድ አቃጠለኝ፤ እሱንም ነገርኩት።

"ቀስ ብለሽ ጥረጊው፣ እሺ? እየመጣሁ ነው።"

ቀስ ብዬ ጠረግኩት።