ዴስና ባለ ቺንጋው ፓምፕ

ማክሰኞ፣ ጁን 4
ከባድ ውርጭ። ቀኑን ሙሉ አረቄ ስናወጣ ዋልን። ፓምፑ ዛሬም ጮኸ። አባባ ከላም ማለቢያ ማሽኑ ነቅሎ ያመጣው ነው፣ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቺንጋ ተላልጧል። «አሁንስ እንቀይረው» አልኩት ዴስን። «ቀይሪው። ግን ባለ ቺንጋ ይሁን።»
ታላቅ ወንድሜ ነው። ውስኪውን የሚያወጣው እሱ፣ በርሜሉንና ሽያጩን የምይዘው እኔ። ሽታ በመለየት አፍንጫው የሚቀኑበት ብዙ ናቸው... ግን ስለ ቺንጋ ይህን ያህል ምን አሳሰበው?

ዓርብ፣ ጁን 7
ኤሌክትሪክ የምትሠራልን ሎርና መጣች። ከበሩ ላይ ቆማ ቀረች፣ ቶሎ አልገባችም።
«እዚህ ስትውሉ ራሳችሁን አያዞራችሁም?»
«ለምደነዋል።»
«እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»
ቺንጋ ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲፋተግ ብልጭ ይላል፤ የክፍሉ አየር ደግሞ የአልኮል ትነት ነው። አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች አለች። እሷ የምትመክረን ፓምፕ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፣ ቺንጋ የለውም፣ ሞተሩም ለእንዲህ ዓይነት ክፍል የታሸገ።
ዴስ አልተዋጠለትም። «ቺንጋ ቢበጠስ በእጄ እቀይራለሁ። ያ ቢሰበር ከሆባርት ከተማ ሰው ልንጠብቅ ነው።»
«ሲበጠስ አንተ በሕይወት ካለህ» ብላ ሳቀች። ዴስ አልሳቀም።

እሑድ፣ ጁን 9
የበጉ ጥብስ አረረ። ሽታው ግቢው ድረስ መጣብኝ... ዴስ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

ረቡዕ፣ ጁን 12
«አዲሱ ይጮሃል?» አለኝ በድንገት።
«አይጮህም። ጥሩነቱ እሱ አይደል?»
«ታዲያ ሲበላሽ በምን ታውቂያለሽ?»
«ይሸታላ።»
ትቶኝ ወጣ። ምን አልኩት?

ዓርብ፣ ጁን 14
ከበርሜል ቤቱ ስመለስ ገና ግቢው ውስጥ የጋለ ጎማ ሸተተኝ። ሮጥኩ። ፓምፑ ተቀርቅሮ ቆሟል፤ ቺንጋው በላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ይጨሳል። ሁሌ የሚጮኸው ዛሬ ድምፅ የለውም። የፈሰሰው አረቄ ቺንጋውን አርሶታል፣ ወለሉም ረጥቧል። ዴስ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ብርጭቆ አፍንጫው ላይ ይዞ ቆሟል።
ወጥቼ የኤሌክትሪኩን ዋና መስመር አጠፋሁ።
«ማነው ያጠፋው?»
«ዴስ፣ ውጣ።»
«ምን ሆነሻል?»
«አይሸትህም?»
ወጥቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። «ካለፈው ዓመት ጉንፋን ወዲህ... ምንም» አለኝ።
«ከአረቄው መጀመሪያ የሚወጣውን መርዙን ታዲያ እንዴት ትለየው ነበር?»
«በሙቀት መለኪያው። በሰዓት። በልማድ።»
«ፓምፑንስ?»
«በጩኸቱ።»

ቅዳሜ፣ ጁን 15
አንድ ዓመት ሙሉ የሞላናቸው በርሜሎች... ደግነቱ ጊዜያቸው ስላልደረሰ አንዱም አልተሸጠም። ተሸጠው ቢሆን ኖሮስ? ከየአንዳንዱ ቀድቼ ወደ ላቦራቶሪ ላክሁ። ቁርስ ላይ አልተያየንም። ልቆጣው ፈለግሁ። በየቀኑ ያን ምንም የማይሸተውን ብርጭቆ ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ አሰብኩና ተውኩት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 11
ቺንጋ የሌለው ፓምፕ ተተከለ። ከዝምታው የተነሳ እየሠራ መሆኑን በእጄ ዳስሼ ነው ያረጋገጥኩት። ሎርና ትነት ሲበዛ የሚያስጠነቅቅ ደወልም ገጠመች፤ ሰፈር የሚቀሰቅስ። ከላቦራቶሪ የተመለሰው መልስ ሦስት በርሜል አይጠጣም ይላል። ዴስ ሰው እንዲያግዘው አልፈለገም፣ ራሱ አንከባልሎ አወጣቸው።
ከሰዓት በኋላ አረቄው መውረድ ጀመረ። ብርጭቆውን እኔ ያዝኩ። ሹል፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መርዙ አልቆ ጥሩው መጣ ወይ እያልኩ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ዴስ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣
«አሁን ነው?» አለኝ።
«ገና ነው።»
ጠበቀኝ።