ከምሰሶው ጀርባ የተሸጠ ወንበር

ውድ እታለሜ፣

«ፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት አባባ ናቸው ወይስ መብራቱ ዓይኔን አታሎኝ ነው?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እሳቸው ናቸው እንጂ! ራሳቸው! ያንን ለመታወቂያ ፎቶ ብቻ የሚለበሰውን ኮት ለብሰው!

መቼም አባትሽን ታውቂያቸዋለሽ። የዛሬ ሰባት ዓመት «ተዋናይ እሆናለሁ» ብለሽ ከቤት ከወጣሽ ወዲህ ስምሽን አንድ ቀን አልጠሩም፤ ግድ ከሆነባቸው «ያቺ» ነው የሚሉሽ። ጆሯቸውማ ያ ሁሉ ዘመን ብረት ሲቀጠቀጥበት ኖሮ ደክሟል። አሁን የሰው ንግግር የሚገባቸው ከንፈር እያዩ ነው። ታዲያ በቀደም የቲያትራችሁ ማስታወቂያ ከብረታ ብረት ቤታቸው አጥር ላይ ተለጥፎ፣ ፎቶሽ ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

እሑድ ምሳ በልተን ሳንጨርስ «ተነስ!» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ቲያትር ነዋ! ዋጋውን ደግሞ እንዳትጠይቀኝ።»

ለካ የቲያትር ቤቱ መስኮት ላይ ትኬት አልቆ፣ አጠገቡ ካለው ትኬት መልሶ የሚሸጥ ሱቅ ሁለት ገዝተው ኪሳቸው ውስጥ ደብቀው ሰንብተዋል።

በሩ ላይ ትኬት የምትቆጣጠረዋ ሴትዮ ትኬታችንን አየችና «አባባ፣ ይሄ እኮ ከምሰሶው ጀርባ ነው። ከዚያ መድረኩ አይታይም። ሲገዙ አልነገሩዎትም?» አለች።

«‹ፊት ለፊት ነው› ነው ያለኝ!»

እታለም፣ በዓይኑ የሚሰማ ሰው ከምሰሶ ጀርባ! ያን ቀን ከበሩ ከተመለሱ ዕድሜ ልካቸውን ደግመው እንደማይሞክሩት አውቃለሁ። ሴትዮዋ ግን፣ ዘሯ ይባረክ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አዲሱን ሕግ በጣቷ አሳየችን። ትኬት መልሶ የሚሸጥ ሰው ወንበሩ እንደሚከለል አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ካልተናገረ ወይ ገንዘቡን ይመልሳል፣ ወይ የተሻለ ወንበር ይሰጣል። ምርጫው የገዢው ነው። ከዚያ ሻጩን አስጠራችው። ፈቃዱ እንዳይነጠቅ ፈርቶ እያለከለከ መጣና ብሩን ዘረጋላቸው።

አባባ እጁን ገፉት። «ብሩን ማን ጠየቀህ? እኔ ልጄን ነው የማየው!»

«ልጄን» አሉ እኮ! ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ እየሰማ! ሻጩም ግራ ቀኝ አየና ለባለጸጋ ደንበኛ ደብቋቸው የነበሩትን ሁለት የፊት ወንበር ትኬቶች ከደረት ኪሱ መዥረጥ አደረገ።

አንቺ መድረክ ላይ ስትወጪ ጉልበቴን ጨምድደው ያዙኝ። ዓይናቸው ከከንፈርሽ አልተነቀለም። ሹክ ያሉኝ መስሏቸው «ምን እንዳለች ሰማህ?» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን። አንቺም ሳትሰሚ አትቀሪም፣ ሳቅሽ ሊያመልጥሽ ሲል አይቻለሁ! ሲያልቅ ከሁሉም ቀድመው ተነስተው አጨበጨቡና፣ ሳልይዛቸው ወደ ውጭ ሮጡ። ደርሼባቸው «እንግባና ሰላም እንበላት» ብላቸው «ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቷል፣ እንዲህ ሆኜ አታየኝም» አሉ። ምን አቧራ አለ! ገና ጠዋት ዘንቦ ነበር።

አሁን በሚቀጥለው ከተማ ስትጫወቱ እንመጣለን። ትኬቱን ከራሱ ከመስኮቱ ቆርጠዋል፣ ምሰሶ አለመኖሩንም ሁለቴ አስምለው አረጋግጠዋል። ያን ጊዜ ግን ከመጋረጃው ኋላ ድረስ እየጎተትኩ አመጣልሻለሁ።

ወንበሩ ቢለወጥም ሴትዮዋ የአቤቱታ ቅጽ ሳታስሞላቸው አልለቀቀቻቸውም ነበር፤ ግልባጩን እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። «የደረሰብዎት ጉዳት» የሚለው ቦታ ላይ በዚያ በወፍራም ጽሕፈታቸው የሞሉትን አንብቢው፦

«ሰባት ዓመት ልጄን ሳላያት ቀረሁ። ይህ የሻጩ ጥፋት አይደለም።»

ናፍቆትሽ ያላለቀለት፣
ታናሽ ወንድምሽ